"ይቺ የማን ልጅ ናት?" ከተባልኩ በኋላ ለፎልደሮቼ አይኮን ሠራሁ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ፎቶ እናነሳለን፣ እናጥባለን፣ ጽሑፍ እንተይባለን፣ ፎቶ ኮፒም አለ። ጥር ሲገባ ግን ሌላው ሁሉ ገሸሽ ይልና ሥራው ሠርግ ብቻ ይሆናል።

ባለፈው ጥር አንድ አባት ከመንዝ መጡ። የልጃቸውን የሠርግ ፎቶ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ትልቁን፣ ሊወስዱ ነው። ሰው በዝቶብኛል። ፎልደሩን ከፈትኩ፣ አተምኩ፣ ፍሬም ውስጥ ከተትኩና በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አወጡ። በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት። አዩ። ደግመው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ "ልጄ፣ ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?" አሉኝ።

የሸዋ ሮቢት ሙሽራ ነበረች። "ሠርግ 12"ን ልከፍት ስል "ሠርግ 21"ን ከፍቻለሁ። ወረቀቱም ቀለሙም ከሰረ። ደግነቱ ጋሼ ሳቁ። "ቆንጆ ናት፤ ግን የኛዋን ስጠኝ" አሉ።

ማታ ሱቁን ዘግቼ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ሠላሳ ምናምን ፎልደር አለ። ሁሉም ቢጫ ነው፣ ሁሉም "ሠርግ" ይላል። አረቄና ውሃ በአንድ ዓይነት ጠርሙስ ደርድሮ ደንበኛ ማስተናገድ ማለት ይሄ ነው። "ስማቸውን በደንብ ጻፋ!" ትሉኝ ይሆናል። እጽፋለሁ። ግን ሱቁ ሲጨናነቅ ማንም አያነብም። ዓይን የሚሮጠው ወደ ቅርጽና ወደ ቀለም ነው።

ስለዚህ ለየአካባቢው አንድ አንድ አይኮን፣ ማለትም በቢጫው ፎልደር ፈንታ የሚታይ ትንሽ ሥዕል፣ ሠራሁ። ለመንዝ በርኖስ። ለሸዋ ሮቢት ሽንኩርት። ለደብረ ሲና የጣርማበር ዋሻ። ለደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ፤ ፋብሪካውን የማያውቅ የለምና። ለራሴ የዱር ፎቶዎች ደግሞ የጓሳ ጭላዳ ዝንጀሮ። ከመንዝ ስድስት ሠርግ ቢኖር ስድስቱም በርኖስ ናቸው፣ ልክ ነው። ግን ከሠላሳ መሀል መፈለግና ከስድስት መሀል መፈለግ አንድ አይደለም።

አሠራሩን እነሆ። እኔ ያለኝ ዊንዶውስ ስለሆነ በሱ ላይ አተኩራለሁ። የሌሎቹን መጨረሻ ላይ ጠቆም አደርጋለሁ።

ሥዕሉን መምረጥ

ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ጋ ነው። እኔም ተበላሽቶብኛል።

የመጀመሪያ አይኮኔ ጭላዳው ነበር። ጓሳ ላይ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ጣቴ በብርድ ደርቆ ያነሳሁት ፎቶ ነው። ጎፈሩ በንፋስ ተበትኗል፣ ከኋላው ሣሩ፣ ከሣሩ ኋላ ጉሙ። ከማነሳቸው ሁሉ የምወደው እሱን ነው። እንዳለ አይኮን አደረግኩት። በትልቁ ሲታይ ግሩም ነው። ፎልደሮቹን በዝርዝር ሳደርጋቸው ግን ቡናማ እድፍ ሆኖ ቁጭ አለ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ጠጋ ብላ አየችና፣ "ቡና ፈሶበት ነው?" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ አንዱን አይኮን በብዙ መጠን ያሳያል። ትልቁ 256 በ256 ፒክሰል ነው። መካከለኛው 48 በ48። በዝርዝር ሲታይ ደግሞ 16 በ16 ብቻ ነው። 16 በ16 ማለት በጠቅላላው 256 ነጥብ ማለት ነው። ሙሉ ጭላዳ፣ ሣርና ጉም በ256 ነጥብ አይገባም። የቀሚስ ጥልፍ የምታውቁ ከሆነ ይገባችኋል፤ ትንሽ ጥለት ላይ መስቀል ይጠለፋል እንጂ ቤተ ክርስቲያኑ ከነግቢው አይጠለፍም።

ስለዚህ ከጭላዳው አንድ ነገር ብቻ ወሰድኩ። ደረቱን። ጭላዳ ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቦታ አለው፤ መሀሉ ጠበብ፣ ላይና ታቹ ሰፋ ያለ። ጥቁር ቡናማ ክብ ሠራሁ፣ መሀሉ ላይ ያንን ቀይ ቅርጽ አስቀመጥኩ። ሌላ ምንም የለም። በ16 ፒክሰልም ከሩቅ ያበራል። ልጅቷ ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

በርኖሱም እንዲሁ። የበግ ፀጉሩን ሽመና ላሳይ ብል ጥቁር ጨርቅ ብቻ ይሆናል። በርኖስን በርኖስ የሚያሰኘው ግን አንዱ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ብሎ የሚወጣው ነገር ነው። ጥላውን ብቻ ሣልኩ፤ ጭንቅላት፣ ትከሻ፣ ያቺ ሾጣጣ። የመንዝ ሰው ከበር ላይ ሆኖ ያውቀዋል። ዋሻው ከሁሉ ቀላል ነበር፤ ግራጫ ድንጋይ፣ መሀሉ ላይ ጥቁር ቅስት። ብርድ ልብሱ አራት ማዕዘን ከሁለት መስመር ጋር ነው፤ እሱስ ሕፃንም ይሠራዋል።

ሥዕላችሁን ስትመርጡ እንዲህ ፈትኑት። ፎቶውን ስልካችሁ ላይ ክፈቱና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ ወደ በሩ ሂዱ። ከዚያ ሆናችሁ ምን እንደሆነ ካላወቃችሁት፣ አይኮን አይሆንም። ሌላ ፈልጉ።

በጊምፕ መሥራት

ዊንዶውስ ለፎልደር አይኮን የሚቀበለው አይሲኦ የሚባለውን የፋይል ዓይነት ነው። ጄፔግና ፒኤንጂ ሲሰጡት አይወስድም። አንዳንዱ ሰው የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ አይሲኦ ይቀይርና "ሠራሁ" ይላል። አልሠራም። የጆንያውን ጽሑፍ ብትቀይሩት ገብሱ ጤፍ አይሆንም።

ኢንተርኔት ላይ ፎቶ ስትጭኑላቸው ቀይረው የሚመልሱ ድረ ገጾች አሉ። ለአበባ ሥዕል ግድ የለም። የሰው ሙሽራ ፎቶ ግን የማላውቀው ቦታ ላይ አልጭንም። በዚያ ላይ ኢንተርኔቱ የሚጠፋው ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ነው። የኔ ፎቶሾፕም አይሲኦ አያወጣም። ጊምፕ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ግን ያወጣል። አንዴ ከጫናችሁት ኢንተርኔት አይፈልግም።

ፎቶውን በጊምፕ ክፈቱ። መጀመሪያ ካሬ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ቁመቱና ስፋቱ እኩል ይሁን። ቀጥሎ "ሌየር" ከሚለው ሜኑ "ትራንስፓረንሲ" ውስጥ ገብታችሁ "አድ አልፋ ቻነል" የሚለውን ንኩ። ይቺን አትርሱ። ይቺን ከረሳችሁ ከኋላ ያለውን ስታጠፉት ባዶ በመሆን ፈንታ በቀለም ይሞላል፣ አይኮናችሁም ነጭ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ይመስላል።

አሁን የምትፈልጉትን ነገር ዙሪያውን በ"ፍሪ ሴሌክት" ክበቡት። በእጅ ነው፣ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። ኮንትሮልንና "I" የሚለውን ፊደል አንድ ላይ ስትጫኑ ምርጫው ይገለበጥና የተመረጠው ከኋላ ያለው ይሆናል። ዲሊት በሉት። ግራጫ ዳማ የመሰለ ነገር ከታየ ባዶ ሆኗል ማለት ነው። ምርጫውን በኮንትሮል፣ ሺፍትና "A" አንሱት፤ አለበለዚያ በኋላ ፔንስሉ አይጽፍላችሁም።

ከዚያ "ኢሜጅ" ከሚለው ውስጥ "ስኬል ኢሜጅ" ብላችሁ 256 በ256 አድርጉት። ቀጥሎ ያለው ነው ዋናው ዘዴ። ጊምፕ አይሲኦ ሲያወጣ እያንዳንዱን ሌየር፣ ማለትም አንዱ ባንዱ ላይ የሚደረበውን ሥዕል፣ እንደ አንድ መጠን ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሌየሩን ዱፕሊኬት አድርጉና ቅጂውን በ"ስኬል ሌየር" 48 አድርጉት። ደግሞ ትልቁን ዱፕሊኬት አድርጉና 32። ደግሞ ትልቁን፣ 16። ሁልጊዜ ከትልቁ ቅዱ። ከ48ቱ 32፣ ከ32ቱ 16 እያላችሁ ከወረዳችሁ እንደ ፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ እየደበዘዘ ይሄዳል።

16ቱ ሌየር ላይ ትንሽ ቆዩ። ሌሎቹን ሌየሮች ከጎናቸው ያለችውን የዓይን ምልክት ነክታችሁ ደብቁና 16ቱን በጣም አቅርባችሁ እዩት። ጠርዙ ብዥ ብሎ ታገኙታላችሁ። ፔንስሉን አንሱ፣ መጠኑን 1 አድርጉ፣ ነጥብ በነጥብ አስተካክሉት። የጭላዳዬ ደረት ላይኛው ክፍል አራት ነጥብ ስፋት አለው፣ መሀሉ ሁለት፣ ታችኛው አራት። ይሄን በእጄ ነው የቆጠርኩት። ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ የአይኮኑ ነፍስ ግን እዚህ ነው ያለችው። ስትጨርሱ የደበቃችኋቸውን መልሳችሁ አሳዩ።

አንድ ነገር ደግሞ። የኔ በርኖስ ጥቁር ስለሆነ፣ ልጅቷ ዊንዶውሱን ወደ ጨለማው ገጽታ የቀየረችው ቀን ጭራሽ ጠፋ። ዙሪያውን የአንድ ነጥብ ነጭ ጠርዝ አደረግኩለትና ተመለሰ። ጥቁር ነገር ከሠራችሁ ጠርዝ አትርሱ።

በመጨረሻ "ፋይል"፣ "ኤክስፖርት አዝ"። ስሙን ስትጽፉ መጨረሻው ነጥብና አይሲኦ ይሁን፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው ታዲያ፣ ".ico" ተብሎ። የሌየሮቹን ዝርዝር የያዘ መስኮት ይመጣል። ሁሉንም 32 ቢት አድርጉ። ትልቁ 256 ላይ "ኮምፕረስድ" የሚለውን ምልክት አድርጉ፣ ፋይሉ ይቀንሳል። የጊምፕን የራሱን ፋይልም ሴቭ አድርጋችሁ አስቀምጡ። መብራት እንደሆነ ሳይናገር ነው የሚሄደው፤ በየመሀሉ ሴቭ!

ፎልደሩ ላይ ማድረግ

ይሄኛው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ፎልደሩን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ። ወይም ፎልደሩን መርጣችሁ ኦልት እና ኢንተር። ከላይ ካሉት ትሮች "ከስተማይዝ" የሚለውን። እዚያ ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። "ቹዝ ፋይል" የሚለው አይደለም፤ እሱ ፎልደሩ በትልቁ ሲታይ ላዩ ላይ ፎቶ የሚያሳይ ነው። የኛ ከታች ያለው "ቼንጅ አይኮን" ነው። እሱን ንኩ፣ ብራውዝ፣ አይሲኦውን ምረጡ፣ ኦኬ፣ አፕላይ። አለቀ።

አንዳንድ የዊንዶውስ የራሱ ፎልደሮች ላይ ከስተማይዝ የሚለው ላይኖር ይችላል። የናንተ ጥፋት አይደለም። ውስጡ ሌላ ፎልደር ፍጠሩና እሱ ላይ ሥሩ። ፕሮፐርቲስ ውስጥ "ሪድ ኦንሊ" ፊት ለፊት የተሞላች ካሬ ብታዩም አትደንግጡ። ፎልደሩ ተቆልፏል ማለት አይደለም፤ ውስጡ መጻፍም ማጥፋትም ይቻላል።

ወደ ድሮው ቢጫ መመለስ ስትፈልጉ እዚያው ቼንጅ አይኮን ውስጥ "ሪስቶር ዲፎልትስ" አለ።

እኔ ለእያንዳንዱ አካባቢ ሁለት ሁለት አይሲኦ ነው የሠራሁት። አንደኛው እንዳለ። ሁለተኛው ታችኛው ጠርዝ ላይ ቀይ መስመር ያለው። ቀዩ ቀብድ ብቻ የከፈለ ነው። ቀሪውን ሲከፍል ወደ ንጹሑ እንቀይረዋለን። በፊት "ጋሼ፣ የርስዎ ሒሳብ አልቋል እንዴ?" ብዬ ደብተር ሳገላብጥ ደንበኛው ፊት እሸማቀቅ ነበር። አሁን ዓይኔን ወደ ስክሪኑ ወርወር አደርጋለሁ፣ በቃ።

አይሲኦው የት ይቀመጥ?

ዊንዶውስ ሥዕሉን ፎልደሩ ውስጥ አይጨምረውም። የሚያደርገው ፎልደሩ ውስጥ አንዲት የተደበቀች ፋይል መፍጠር ነው። ስሟ ዴስክቶፕ ዶት አይኤንአይ። ውስጧ "ሥዕሉ እዚህ ቦታ ነው ያለው" የሚል አድራሻ አለ። አድራሻው ላይ ያለውን ፋይል ካጠፋችሁት ወይም ካዛወራችሁት ሥዕሉ አይገኝም።

ይሄን የተማርኩት በኪሳራ ነው። አይሲኦዎቹን በሙሉ ዴስክቶፕ ላይ ነበር ያስቀመጥኳቸው። ኮምፒውተሩ ሲያስቸግር ሊጠግን የመጣው ሰው ሲ ድራይቭን ፎርማት አደረገው። ፎቶዎቹ ዲ ላይ ስለነበሩ ተረፉ። ጠዋት ስከፍት ግን በርኖስ የለ፣ ሽንኩርት የለ። አይኮኖቹን ሁሉ እንደገና ሠራሁ። አሁን ዲ ላይ ለአይኮን ብቻ የሆነ ፎልደር አለኝ። ማንም አይነካውም፣ ስሙንም አይቀይርም። ቅጂው ደግሞ ፍላሽ ላይ አለ።

ፎልደሩ ራሱ ፍላሽ ወይም ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። የኔ ኮምፒውተር ላይ ፍላሹ ኢ ይባላል። ደንበኛው ቤት ኤፍ ሊባል ይችላል። አድራሻው በኢ ከጀመረ እዚያ አይሠራም። መፍትሔው አይሲኦውን እዚያው ፎልደሩ ውስጥ አስገብቶ፣ ከዚያው መርጦ፣ ከዚያ አድራሻውን ማሳጠር ነው። እንዲህ አድርጉ።

ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። "ፎልደር ኦፕሽንስ" ውስጥ ደግሞ "ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ" የሚለውን ምልክት አንሱ። ዊንዶውስ ያስጠነቅቃችኋል፤ እሺ በሉት። ዴስክቶፕ ዶት አይኤንአይ ብቅ ትላለች። በኖትፓድ ክፈቷት። "አይኮን ሪሶርስ" ብሎ የሚጀምር መስመር አለ። ከእኩል ምልክቱ በኋላ የድራይቩ ፊደልና ረጅም አድራሻ ካለ፣ እስከ ፋይሉ ስም ድረስ ያለውን አጥፉ። የሚቀረው የአይሲኦው ስም፣ ነጠላ ሰረዝና ዜሮ ብቻ ነው። ሴቭ አድርጉ። ከዚያ ያነሳችሁትን ምልክት መልሱ። አለበለዚያ ነገ ሌላ ሰው "ይሄ ደግሞ ምን ቆሻሻ ነው" ብሎ ያጠፋታል። እኛ ቤት ደርሷል።

አልቀየር ካለ

አይኮኑን ቀይራችሁ አሮጌው ከቀጠለ፣ ዊንዶውስ የድሮውን ሥዕል በትዝታ ይዞ ነው። መጀመሪያ ኤፍ 5 ሞክሩ። እምቢ ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይመጣል። ከዝርዝሩ "ዊንዶውስ ኤክስፕሎረር"ን መርጣችሁ "ሪስታርት" በሉት። ከታች ያለው መስመር ለአፍታ ጥፍት ብሎ ይመለሳል። አይሲኦውን አሻሽላችሁ በዚያው ስም ከደረባችሁበት ደግሞ ይበልጥ ግትር ይላል። አዲስ ስም ስጡትና እንደገና ምረጡት፤ እኔ "በርኖስ 4" ላይ ደርሻለሁ።

ሳላስበው ያገኘሁት ጥቅም አለ። የፍላሽ ቫይረስ የማያውቅ የጽሕፈት ቤት ባለቤት የለም። ፎልደር መስሎ የሚቀመጥ ፕሮግራም አለ፤ የፎልደር ቢጫ ሥዕል ይለብስና በፎልደሩ ስም ይሰየማል። ስትከፍቱት ጉድ ይፈላል። አሁን የኔ ፎልደሮች በሙሉ የራሳቸው መልክ ስላላቸው፣ "መንዝ" የሚል ቢጫ ፎልደር ካየሁ እጄን እሰበስባለሁ። ይሄ መከላከያ ነው ብላችሁ አንቲቫይረሱን አታጥፉ ታዲያ።

ማክና ኡቡንቱ

ማክ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ፤ አይሲኦ የሚባል ነገር አያስፈልጋችሁም። ሥዕሉን ኮፒ አድርጉ። ፎልደሩን መርጣችሁ ኮማንድና አይ ተጫኑ። በሚመጣው መስኮት ከላይ በግራ ያለችውን ትንሿን አይኮን አንዴ ንኩና ፔስት አድርጉ። ለመመለስ እዚያው ነክታችሁ ዲሊት። ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ አይኮኑን ራሱን ስትነኩት ሥዕል ምረጥ ይላችኋል። ፒኤንጂ ይበቃዋል። 16 ፒክሰል ላይ እድፍ መሆን ግን ሁሉም ጋ አለ።

ከፋሲካ በኋላ እኚያ የመንዝ አባት ተመልሰው መጡ። የልጅ ልጅ ክርስትና ኖሮ ፎቶ ሊያሳጥቡ። የምፈልገውን ፎልደር ሳላገኘው በፊት ጋሼ በጣታቸው ስክሪኑን ነኩ። "በርኖሱ እኛ ነን አይደል?" አሉ። አዎ አልኳቸው። ጎንበስ ብለው ቀረብ ብለው አዩና፣ "ሾጣጣዋን ትንሽ አሳጥረሃታል" አሉኝ። "በርኖስ 5"ን እየሠራሁ ነው።